ዛፍ ላይ ስትወጡና በቼይንሶ ስትቆርጡ፦ ምን ይለበሳል፣ አደጋ ሲደርስ ምን ይደረጋል

ቼይንሶ (በሞተር የሚሰራው መጋዝ) ድሮ የትልቅ ድርጅት ዕቃ ነበር፣ አሁን እንጦጦ ጀርባም በሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ልጁ ከሰው ተከራይቶ ቤንዚን ሞልቶ ባህር ዛፍ ውስጥ ይገባል። ከማሽኑ ጋር ግን ሱሪው አይከራይም፣ ሄልሜቱም አይከራይም፣ ፋሻ ያዝ ብሎ የሚሰጠውም የለም። በነጠላ ጫማና በቱታ ሆነው ሲቆርጡ ሳይ በጣም ነው የምጨነቀው፣ ለዛ ነው ይሄን ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

አንድ ነገር ቀድመን እንያዝ። አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ጭን ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ስር ከተቆረጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰው ሊሞት ይችላል፣ እናንተ ካላችሁበት ጫካ ደግሞ አስፋልት ለመድረስ ብቻ በእግር ከዛ በላይ ይፈጃል። አምቡላንስ የፈለገ ቢፈጥን ለዛ አይነት ደም አይደርስም። ስለዚ የተጎዳውን የሚያተርፈው ዛፉ ስር ያለው ቦርሳና አጠገቡ ያለው ልጅ ነው፣ ሀኪሙ ከነሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ከታች ያለውን ሁሉ ይሄን እያሰባችሁ አንብቡት።

ከቤት ሳትወጡ

ብቻችሁን አትሂዱ፣ በቃ። ቢያንስ ሁለት ሰው። ዛፍ ላይ የሚወጣ ካለ ደግሞ ታች ከሚቀሩት አንዱ እሱም መውጣት የሚችልና የራሱ መውጫ ዕቃ ያለው መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ላይ የቀረውን ማን ያወርደዋል?

ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ቦታው ስትደርሱ ኔትወርክ የት ጋ እንደሚሰራ እዩ፣ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ስለዚ የት ቆሞ መደወል እንደሚቻል ሁላችሁም እወቁ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ፣ የመብራት ሽቦ ጉዳይ ከሆነ 905። ከከተማው ወጣ ካላችሁ ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። አንድ ባለ ባጃጅ ወይም ባለ ሚኒባስም ስልኩ የሚነሳ ይኑራችሁ። ጫካ ውስጥ አድራሻ የሚባል ነገር ስለሌለ ቦታውን እንዴት አድርጋችሁ እንደምትነግሩት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከዋናው መንገድ በስንተኛው መገንጠያ፣ በየትኛው ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ በኩል ብላችሁ፣ አደጋ ሲኖር ደግሞ አንድ ሰው አስፋልት ወጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። ደንግጠን እያለን መንገድ ማስረዳት አይሆንልንም።

ቦርሳው ውስጥ የሚገባው ከፋርማሲ የሚገዛ ነው፦ ብዙ ጎዝ (ትንሿ ካሬ ሳትሆን ጥቅሉ)፣ ሰፋፊ ፋሻ አራት አምስት፣ የሀኪም ጓንት፣ ልብስ የሚቀድ ጠንካራ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ማርከር፣ ሁለት ሃይላንድ ንፁህ ውሃ፣ አንድ ጋቢ ወይም ብርድልብስ፣ እና ቱርኒኬ ማለትም እግር ወይ እጅ ላይ ጠብቆ ደም የሚያቆም ማሰሪያ። ቱርኒኬው ካልተገኘ እንዴት እንደሚሰራ ወደታች እነግራችኋለሁ። ቦርሳው መኪና ውስጥ አይቀመጥም፣ ዛፉ ስር ነው የሚቀመጠው፣ ዛፉ ሲወድቅ የማይደርስበት ጎን ላይ። ከዛ በተጨማሪ ማሽን የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ጥቅል ፋሻና አንድ ቱርኒኬ ኪሱ ውስጥ ይኑረው፣ ምክንያቱም ዛፍ ላይ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ሆናችሁ ስትቆረጡ ቦርሳው ታች ነው።

የሚለበሰው

ከሱሪው ልጀምር፣ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። ቼይንሶ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እግር ነው፣ ጉልበትና ጭን አካባቢ፣ ቀጥሎ ግራ እጅ። የቼይንሶ ሱሪ ከውጪ ተራ የስራ ሱሪ ይመስላል፣ ስራው ያለው ግን ፊት ለፊቱ ላይ በውስጥ በኩል የተደራረበው ረጅም ክር ላይ ነው። ካቴናው (እንጨት የሚቆርጠው ሰንሰለት) የላዩን ጨርቅ ሲቀድ ክሩ እየተመዘዘ ይወጣና እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ፈትል ካቴናው ላይ ይጠመጠማል፣ ካቴናውን የሚያዞረው ጥርስ ውስጥ ይገባና ማሽኑን በቅፅበት አንቆ ያቆመዋል። ሱሪው ይበላሻል፣ እግር ይተርፋል። ክላስ የሚባል ቁጥር አለው፣ ክላስ 1 በሴኮንድ 20 ሜትር በሚሄድ ካቴና የተፈተነ ነው፣ ክላስ 2 በ24፣ ክላስ 3 በ28። ፊት ለፊት ብቻ የሚሸፍነው መሬት ላይ ለሚሰራ ይሆናል፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ግን ማሽኑ ከየት በኩል እንደሚነካው ስለማይታወቅ ዙሪያውን የሚሸፍነውን ነው የሚለብሰው። ጂንስ ሁለት ደርቦ የሚለብስ አይቻለሁ፣ ጂንስ ቢደረብም ካቴና አያቆምም።

በሁሉም ሱቅ አይገኝም ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። በማህበር የምትሰሩ ከሆነ ከላይ የሚታሰረውን አይነት (ሽርጥ መሳይ ሆኖ ከኋላ በኩል እግር ላይ በማሰሪያ የሚያዝ) አንድ ሁለት በጋራ ግዙ፣ ማሽኑን የያዘ ሰው ይለብሰዋል፣ ማሽኑ እጅ ሲቀይር ሽፋኑም ይቀየራል። ሽፋኑን ያልታሰረ ሰው ማሽን አይቀበልም ብላችሁ ተስማሙ። የአንድ ሰው የሆስፒታል ወጪና ስራ የፈታበትን ወራት ስታስቡት ሱሪው ውድ አይደለም።

ሄልሜት፦ ከፊት ወንፊት ያለው ከጎን የጆሮ መዝጊያ የተገጠመለት የደን ሄልሜት ካገኛችሁ እሱ ነው ጥሩው። የማሽኑ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ጆሮ ሳይዘጋ ሲሰራበት ጆሮ ቀስ በቀስ ይደክምና ያ የሄደው መስማት አይመለስም። የኮንስትራክሽን ቢጫው ሄልሜትም ከባዶ ጭንቅላት ይሻላል፣ ከሱ ጋር መነፅርና ጆሮ መዝጊያ ለብቻ ታደርጋላችሁ፣ ዛፍ ላይ ለሚወጣ ግን የአገጭ ማሰሪያ የሌለው ሄልሜት ጎንበስ ሲል ወድቆ ታች ያለውን ነው የሚመታው። ወንፊቱ ደቃቁን ብናኝ ስለማይዝ ከስሩ መነፅር አድርጉ።

ጫማ ጣቱ ላይ ብረት ያለው፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚያስር፣ ሶሉ የሚነክስ። ጓንት የቆዳ። አንገት ላይ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ የሃርነሱ (ዛፍ ላይ ሲወጣ ሰውነት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) ያልሆነ ገመድ፣ የኮፍያ ክር ምንም አይንጠልጠል፣ ማተባችሁን ከሸሚዝ ስር አስገቡት። ሸሚዙም ሰፊ ሆኖ የሚውለበለብ አይሁን።

ማሽኑን ሳታስነሱ

የፊት ፍሬኑን እዩ፣ ከፊተኛው እጀታ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ወደፊት ሲገፋ ቀጭ ብሎ ይቆልፋል፣ ሲሳብ ይለቃል። ማሽኑ ከተነሳና ከሞቀ በኋላ ለአፍታ ነዳጅ ስጡትና በግራ እጃችሁ አንጓ፣ እጀታውን ሳትለቁ፣ ፍሬኑን ግፉት፣ ካቴናው ወዲያው ቀጥ ማለት አለበት። ትንሽ ዞሮ የሚቆም ከሆነ ያ ማሽን በዛን ቀን አይሰራም፣ ኪራዩን አስመልሱ። ነዳጅ ሳትሰጡት ዝም ብሎ ሲነሳ ካቴናው የሚዞር ከሆነም እንደዛው። ነዳጅ መስጫው ላይ ያለችው የላይኛዋ መቆለፊያ በገመድ ወይ በፕላስተር ታስራ ካገኛችኋት ፍቷት፣ የታሰረችው ለፍጥነት ተብሎ ነው፣ ቅጠል ሲነካው ራሱ ማሽኑ እንዳይሮጥ የምትይዘው እሷ ናት። ካቴናው ቢበጠስ የሚይዘው ከስር ያለው መንጠቆም መኖሩን እዩ።

ካቴናው ባሩ (የሚዞርበት ረጅሙ ጠፍጣፋ ብረት) ላይ ልክ ጠብቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በጓንት ሲጎተት ግን የሚዞር ይሁን። የተሳለ ካቴና ቁራጭ እንጨት ነው የሚተፋው፣ ዱቄት ብቻ ከተፋ ደንዝዟል፣ ደነዘዘ ማለት ደግሞ እናንተ በጉልበት መግፋት ትጀምራላችሁ፣ ያኔ ነው እጅ የሚያመልጠው፣ በክብ ሞረድ ሳሉት። የካቴና ዘይት ታንኩ ውስጥ መኖሩን በየቤንዚን ሙሌቱ እዩ፣ የመኪና የተቃጠለ ዘይት አትጨምሩበት፣ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑንም ባሩንም ይበላል፣ ቆዳና ሳንባ ላይ የሚረጨውም ጤና አይደለም። ቤንዚኑ ከሁለት ምት ዘይት ጋር ነው የሚደባለቀው፣ 50 ለ 1 ከተባለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ማሽኑ ሳይበርድ ቤንዚን አትሙሉ፣ ሞልታችሁ ስትጨርሱም ከሞላችሁበት ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ ብላችሁ አስነሱ፣ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ በበጋ ክብሪት አይፈልግም።

ስታስነሱት መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ፍሬኑ የተቆለፈ፣ ቀኝ እግር ጫማ የኋላው እጀታ ውስጥ፣ ግራ እጅ ፊተኛውን ጨብጦ፣ በቀኝ ይጎተታል። አየር ላይ አንጠልጥሎ ወደታች እየጣሉ ማስነሳት እዚህ ሀገር በጣም ተለምዷል፣ ካቴናው ያለው ጉልበታችሁ አጠገብ ስለሆነ ተዉት።

ስትሰሩ የባሩን ጫፍ የላይኛውን ክፍል ምንም ነገር አታስነኩ። እሱ ቦታ እንጨት ከነካ ማሽኑ ወደላይና ወደ ፊታችሁ ይዘላል፣ ኪክባክ የሚሉት እሱን ነው፣ ዓይን ከማርገብገብ ይፈጥናል። ለዛ ነው ሁለት እጅ፣ የግራ አውራ ጣት እጀታውን ዞሮ ከስር የሚጨብጠው። ከትከሻ በላይ አትቁረጡ፣ መሰላል ላይ ቆማችሁም አትቁረጡ።

ዛፉን መጣል

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባህር ዛፍ የገባው በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው፣ ከዛ ወዲህ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ አጣና ሲሆን ደግሞ ይቆረጣል። ስለዚ አሁን የምትቆርጡት ብዙው ካረጀ ጉቶ ጠርዝ ላይ የወጣ ነው፣ ስሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል፣ ከጉቶው ጋር የተያያዘበት ቦታ ደካማ ነው፣ አንድ ጉቶ ላይ ሶስት አራት ሆነው ስለሚያድጉም ወደ ውጪ ያዘነብላሉ። በመጥረቢያ ጀርባ ግንዱን መታ መታ አድርጉት፣ ባዶ ድምፅ ካለው ውስጡ የለም። ደረቅ ቅርንጫፍ ከላይ ተንጠልጥሎ እንደሆነ እዩ፣ የንብ ቀፎ እዩ፣ የመብራት ሽቦ እዩ። ንፋስ ካለ በተለይ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ቁረጣውን አቁሙ። ክረምት ላይ ግንዱም መሬቱም ያንሸራትታል፣ ባይሰራ ይመረጣል።

የዛፉን ርዝመት ሁለት እጥፍ ዙሪያውን ሰው አይኑር። ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙት እናቶችና ልጆች የማሽን ድምፅ ሲሰሙ ቅርንጫፉን ቀድመው ለማግኘት ይጠጋሉ፣ ይሄን እያንዳንዱ ቆራጭ ያውቀዋል። አትጩሁባቸው፣ “እትዬ እዛ ማዶ ይጠብቁን፣ ሲወድቅ እንጠራዎታለን፣ ቅጠሉን ለእናንተ እንተዋለን” በሏቸው፣ ቃላችሁንም ጠብቁ፣ ያኔ በሚቀጥለው ቀን ራሳቸው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ።

ከዛ ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ ወስኑና የምትሸሹበትን መንገድ ከመቁረጣችሁ በፊት መንጥሩ፣ ከመውደቂያው በተቃራኒ ወደ ኋላ አግድም፣ 45 ዲግሪ ገደማ። ቀጥታ ከዛፉ ኋላ አትቁሙ። መጀመሪያ በመውደቂያው በኩል አፍ ክፈቱለት፣ ከላይ አጋድሞ ከስር በጠፍጣፋው፣ ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ሩብ ቢሆን በቂ ነው። ቀጥሎ ከኋላ በኩል ከአፉ ወለል ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አትበጥሱት፣ ከውፍረቱ አንድ አስረኛ መሃል ላይ ይቅር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ግንድ ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር። ዛፉን እየመራ የሚያስተኛው ያ የቀረው ነው፣ እሱ ከተበጠሰ ዛፉ ወደፈለገው ነው የሚሄደው። ባሩ ገባ ሲል ከኋላ ሽብልቅ ምቱበት፣ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ይሁን፣ ብረት ካቴና ይሰብራል። ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ማሽኑን ጎትታችሁ፣ ፍሬን ቆልፋችሁ፣ በመንጠራችሁት መንገድ፣ ወደላይ እያያችሁ ሂዱ።

በጣም ያዘነበለ ባህር ዛፍ በዚህ መንገድ ሲቆረጥ ከኋላው ቆረጣ ሳያልቅ ግንዱ ቁመቱን ተሰንጥቆ የተሰነጠቀው ወደ ቆራጩ ደረት ይነሳል። እንደዛ አይነቱን ልምድ ላለው ሰው ተዉለት። ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረም ካለ ስሩ አትግቡ፣ የተደገፈበትንም ዛፍ አትቁረጡ፣ ከሩቅ በገመድ ከግርጌው ጎትቱት፣ እስኪወርድ ድረስ ሰው በዛ በኩል እንዳያልፍ አድርጉ።

ወደላይ ስትወጡ

አቋሜን ልንገራችሁ፦ ሁለት ቦታ ካልታሰራችሁ ማሽኑ መሬት ይቅር። በወገብ ላይ በታሰረ ሲባጎ ቼይንሶ ይዞ መውጣት የለም። በእጅ መጋዝ ቁረጡት፣ ይዘገያል እንጂ ስራው ይሰራል፣ ወይም ዕቃው ያለው ሰው ጥሩ።

ዕቃው ይሄ ነው፦ ጭንና ዳሌ የሚይዝ ሃርነስ (የወገብ ቀበቶ ብቻ አይሆንም፣ ስትንጠለጠሉ ጎድናችሁን ይሰብራል ወይም አገልብጦ ይጥላችኋል)፣ ለሰው መውጫ የተሰራ ገመድ፣ በራሳቸው የሚቆለፉ ካራቢነሮች (ገመዱን ከሃርነሱ ጋር የሚያያይዙ የብረት ቀለበቶች)፣ እና ግንዱን ዞሮ የሚይዝ ውስጡ ሽቦ ያለው አጭር ማሰሪያ። ማሽን በተያዘ ጊዜ ይሄ ሽቦ ያለው ማሰሪያና ዋናው ገመድ ሁለቱም ታስረው ነው የሚቆረጠው፣ ካቴና ተራ ገመድን ሲነካ ወዲያው ነው የሚበጥሰው። ሽቦውም ጊዜ ይሰጣል እንጂ ካቴና አይችልም። የገበያ ናይለን ገመድ ዕቃ ለመሳብ ይሁን እንጂ ሰው አይንጠልጠልበት፣ ፀሐይ የበላው መሆኑን በዓይን አታውቁትም።

ከመውጣታችሁ በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አሳልፉት፣ የሳሳ፣ የተላጠ፣ የደረቀ ቦታ ካለ ይጣላል። የምትታሰሩበት ቅርንጫፍ እርጥብ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልቀጠነ፣ ገመዱም ግንዱ ጋ የተጠጋ ይሁን። ነጭ ባህር ዛፍ ልጣጩ እየተላቀቀ ስለሚንጠለጠል እግር ስር ይከዳል፣ በእጃችሁ እየገፈፋችሁ ውጡ። እግር ላይ የሚታሰር ሹል ብረት ሙሉ በሙሉ ለሚቆረጥ ዛፍ ብቻ ነው፣ ለግቢ ፅድ ማስተካከያ ከሆነ ዛፉን ያቆስለዋል። ማሽኑን ይዛችሁ አትውጡ፣ ቦታችሁን ይዛችሁ ከታሰራችሁ በኋላ ታች ያለው ልጅ ጠፍቶና ፍሬኑ ተቆልፎ በገመድ ይልክላችሁ። ላይ ሆናችሁም ሁለት እጅ ነው። ታች ያለው ልጅ ከቅርንጫፍ መውደቂያው ውጪ ይቁም፣ ስልክ አይነካካ፣ ከላይ “ይለቀቅ?” ሲባል “ልቀቅ” ሳይል ምንም አይለቀቅ።

ሰው ራሱን ስቶ ወይም መንቀሳቀስ አቅቶት ሃርነስ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ በፍጥነት መውረድ አለበት፣ ደም እግሩ ውስጥ ስለሚጠራቀም በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ አደጋ ነው። ነቅቶ ከሆነ ታች ሆናችሁ “እግርህን አንቀሳቅስ፣ ግንዱን ርገጥ” በሉት። ሁለተኛው መውጫ ዕቃ ታች ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሲወርድ ጋደም አድርጉት፣ ቁጭ አድርጉት የሚለው የድሮ ምክር ቀርቷል።

ደም ሲፈስ

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ፣ ላያችሁ ላይ የሚወድቅ ነገር እንደሌለ እዩ፣ ከዛ ተጠጉ። አንዱ ይደውላል አንዱ ይይዛል።

ሱሪውን በመቀስ ቅደዱና ቁስሉን እዩ። የቼይንሶ ቁስል እንደ ቢላ ንፁህ መስመር አይደለም፣ ስጋውን አውጥቶ ስለሚጥል ሰፊና የተቦጫጨቀ ነው፣ ዘይትና የእንጨት ብናኝም አለበት። አትጠቡት፣ አታፅዱት፣ ማፅዳት የሆስፒታል ስራ ነው። ቡና አትድፉበት! ይሄ ነገር ቤታችን ውስጥ ሁሉ ስላለ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቡናው ነው፣ የተፈጨ ቡና ትልቅ ደም አያቆምም፣ ቁስሉን ይሸፍነዋል፣ ሀኪሙ ሲደርስ ያንን እየጠረገ ጊዜ ይሄዳል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። አፈርም፣ ቤንዚንም፣ ቅጠልም አይሆንም።

ጎዝ ወይም ንፁህ ጨርቅ ደሙ የሚወጣበት ነጥብ ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጅ፣ ክርናችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሰውነታችሁን ጭናችሁ ተጫኑ። እያነሳችሁ ‘ቆመ ወይ’ ብላችሁ አትዩ። ከረጠበ በላዩ ጨምሩ።

ከእጅ ወይም ከእግር የሚወጣው ደም እየተፈናጠረ ከሆነ፣ ወይም ስትጫኑት የማይቆም ከሆነ፣ ወይም መሬቱ ላይ ኩሬ እየሰራ ከሆነ ወዲያው ቱርኒኬ። ከቁስሉ ወደላይ፣ ማለትም ወደ ሰውነት በኩል፣ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይታሰራል፣ ጉልበትና ክርን ላይ አይታሰርም፣ ቁስሉ እዛ ጋ ከሆነ ከመገጣጠሚያው በላይ ነው። የተገዛ ከሌለ ከነጠላ ወይም ከጠንካራ ጨርቅ 5 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ስፋት ቅደዱ፣ ሽቦ፣ ሲባጎ፣ የጫማ ክር አይሆንም፣ ቆዳ ይቆርጣል እንጂ ደም ስሩን አይዘጋም። ጨርቁን እግሩ ዙሪያ አንዴ ቋጥሩት፣ ቋጠሮው ላይ የማይሰበር የእጅ መዳፍ የሚያህል እንጨት አስቀምጡ፣ በእንጨቱ ላይ ደግማችሁ ቋጥሩ፣ አሁን እንጨቱን አዙሩት፣ አዙሩት፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ። ሰውዬው በጣም ይጮሃል፣ በጣም ያማል፣ “ፍታልኝ ወንድሜ” ብሎ ይለምናል። አትፍቱለት። ሲያም ነው ልክ የታሰረው። ከቆመ በኋላ የእንጨቱን ጫፍ ከእግሩ ጋር እሰሩት እንዳይመለስ። ካልቆመ ከበላዩ ሁለተኛ ጨምሩ። ሰዓቱን በማርከር ግንባሩ ላይ ጻፉ፣ ለምሳሌ 4፡20፣ ሀኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። እየላላ ደም ይግባበት የሚል ሰው አይጠፋም፣ ሆስፒታል እስኪደርስ አይላላም።

ቁስሉ ብሽሽት፣ ብብት ወይም ትከሻ ጋ ከሆነ ቱርኒኬ ቦታ የለውም። ጥቅሉን ጎዝ በጣታችሁ ቁስሉ ውስጥ እስከ ጥልቁ ጠቅጥቁ፣ እስኪሞላ፣ ከዛ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትለቁ ተጫኑ። ያስፈራል፣ ግን አድርጉት። አንገት ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ ተጫኑ፣ ፋሻ አንገት ዙሪያ አይጠመጠምም።

ደሙ ከቆመ በኋላ አስተኙት፣ በጋቢ ሸፍኑት፣ ከስሩም አንጥፉ፣ እንጦጦ አናት ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ደም የፈሰሰው ሰው ቶሎ ይበርደዋል፣ ሲበርደው ደግሞ ደሙ አይረጋም። ፊቱ ከነጣ፣ ላቡ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተቅበጠበጠ ደም በብዛት ጎድሎታል ማለት ነው። ውሃ ውሃ ይላል፣ አትስጡት፣ ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል፣ ከንፈሩን ብቻ አርጥቡለት። አምቡላንስ ከዘገየ በመኪና ውሰዱት፣ ደሙ ካልቆመ የሚጫነው ሰው መኪናው ውስጥም እየተጫነ ይሂድ። አቤት ሆስፒታል ለአደጋና ለቃጠሎ ተብሎ የተቋቋመ ነው፣ ከሰበታ በኩል ለሚመጣ አለርት ሆስፒታል ይቀርባል፣ በጣም የባሰበት ከሆነ ግን የትኛውም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ግቡ።

ጣት ከተቆረጠ ጣቱን ፈልጉ፣ በትንሹ በረጠበ ንፁህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፌስታሉን በረዶ ያለው ውሃ ላይ አድርጉ፣ በረዶው ጣቱን በቀጥታ አይንካ፣ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሂድ።

የወደቀ፣ በመብራት የተያዘ፣ በንብ የተነደፈ

ከዛፍ የወደቀን ሰው አፋፍሶ ማንሳት ነው ልማዳችን፣ ከፍቅር ነው፣ ግን አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ያ ማንሳት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። እሳት ወይም የሚወድቅ ዛፍ ከሌለ አታንሱት። ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ከነበረበት ሳታዞሩ ያዙት፣ አናግሩት፣ እጅ እግሩን ያንቀሳቅስ እንደሆነ ጠይቁት። ሄልሜቱን ትንፋሽ ካልከለከለው ተዉት። ካስመለሰው ሁሉም በአንድ ላይ ቆጥራችሁ ጭንቅላትና ጀርባውን በአንድ መስመር በጎኑ አዙሩት። የተሰበረ አጥንት ካለ በሁለት እንጨትና በፋሻ ባለበት አስተካክላችሁ እሰሩ፣ ለማቃናት አትጎትቱት። ወጌሻን የሚያከብር ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ለወለምታ እሺ፣ አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ወይም ጀርባ፣ አንገት፣ ዳሌ ከሆነ ግን ቀጥታ ሆስፒታል።

የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ እየቃተተ አየር የሚስብ ከሆነ፣ ደረቱ መሃል ላይ ሁለት እጅ ደራርባችሁ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። የሰለጠነ ካለ ከ30 ጭነት በኋላ ሁለት ትንፋሽ፣ ካልሰለጠናችሁ መጫኑን ብቻ ሳታቋርጡ። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።

መብራት ከሆነ በፍቅር ዘላችሁ አትንኩት። በየመንደሩ ጫፍ የሚያልፉት ከፍ ያሉት ሽቦዎች 15 ወይም 33 ሺ ቮልት ናቸው፣ ለነዛ እንጨትም ፕላስቲክም አይከላከልም፣ እርጥብ ቅርንጫፍማ ራሱ ያስተላልፋል። 10 ሜትር ራቁ፣ 905 ደውላችሁ መስመሩ መጥፋቱ እስኪነገራችሁ ጠብቁ፣ ከዛ ነው የልብ መጫኑ። ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ላይ ከመጀመሪያውኑ አለመውጣት ነው።

ንብ ከተነሳ ማሽኑን አጥፍታችሁ ሩጡ፣ ላይ ያለው በገመዱ ይውረድ። ከተነደፈ በኋላ ፊቱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ያለበት ሰው እስኪሻለው አይጠበቅም፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ። ዓይን ውስጥ ብናኝ ከገባ ሳታሹ በብዙ ንፁህ ውሃ እጠቡ፣ ስንጥር ከተሰካ አትንቀሉት፣ ዓይኑን ሳትጫኑ በወረቀት ኩባያ ሸፍናችሁ ውሰዱ።

ከዛ በኋላ ዕቃውን እዩ። ካቴና የነካው ሱሪ ክሩ ወጥቷል፣ ልብስ ሰፊ ጋ ተወስዶ ተሰፍቶ አይለበስም፣ ይጣላል። ቅርንጫፍ የመታው ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም እንደዛው፣ ሰው ወድቆ የያዘው ገመድና ሃርነስም እንደዛው። ሱሪውን ዘይት ሲጠጣ እጠቡት፣ በረኪና አታስነኩት፣ ዘይት የጠጣ ክር አይፈታም። ቦርሳው ውስጥ የጎደለውን ፋሻና ጎዝ በዛው ቀን ማታ ፋርማሲ ገብታችሁ ሙሉ።